ጥቁሩን ቀበቶ ማን ሰጠህ?

በኖቬምበር 2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኩኪዎን ከሚባለው የደቡብ ኮሪያ የቴኳንዶ ማዕከል የሄዱ ሰዎች ፍሎሪዳ ገብተው ለዶናልድ ትራምፕ የክብር ዘጠነኛ ዳን (ዳን የጥቁር ቀበቶ እርከን ነው) ጥቁር ቀበቶ አበረከቱላቸው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ያንኑ ማዕረግ ለቭላድሚር ፑቲን ሰጥቶ ነበር፤ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር፣ በፌብሩዋሪ 2022፣ መልሶ ወሰደው። በኩኪዎን ደንብ አንድ ሰው ከአንደኛ ዳን ተነሥቶ ዘጠነኛ ለመድረስ፣ አንድም ፈተና ሳይወድቅ ቢሄድ እንኳ፣ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጎን የኬይኮ ፉኩዳን ታሪክ እናስቀምጥ። አያቷ የጁዶው መሥራች የጂጎሮ ካኖ መምህር ነበር። እሷም በ1935 ጁዶ ጀመረች፤ ለሙያው ስትል ትዳር ተወች፤ በ1953 አምስተኛ ዳን ደረሰች። ከዚያ ወዲያ መሰላሉ አለቀባት። ኮዶካን፣ የጃፓኑ የጁዶ ዋና ማዕከል፣ ሴትን ከአምስተኛ ዳን በላይ አያወጣም ነበርና ወንዶቹ አልፈው ሲሄዱ እሷ ሃያ ዓመት ያህል ባለችበት ቆየች። ስድስተኛውን ያገኘችው በ1972 ገደማ፣ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፉ ከተሟገቱላት በኋላ ነው። ኮዶካን ዘጠነኛ ዳን ሲሰጣት ዓመቱ 2006፣ ዕድሜዋ 92 ነበር። ዐሥረኛውን የሰጣት የአሜሪካ ጁዶ ማኅበር ነው፤ በ2011፣ ልትሞት ሁለት ዓመት ያልሞላ ጊዜ ሲቀራት።

ወገብ ላይ የሚታሰር አንድ ጨርቅ ለአንዱ በአንድ ቀን፣ ለሌላዋ በ76 ዓመት የሚደርስ ከሆነ፣ የሚለካው ምንድን ነው? ባለሙያዎቹን ብትጠይቁ መልሱ ይለያያል። አንዱ እውቀት ነው ይላል፤ ሌላው የመፋለም ብቃት፤ ሦስተኛው በሥራው ላይ የቆዩበት ዘመን፤ ደፈር ያለው ደግሞ ለማኅበሩ የታዩበት ታማኝነት ነው ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው፣ ጣጣውም የሚመጣው አንድ ቀለም አራቱንም እንዲናገር ከመፈለጉ ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ቀበቶ ከታጠቀው ሰው ይልቅ ስለ ሰጪው ይናገራል። ስለዚህ ታሪኩን ስንዳስስ ቀለሙን ትተን ፈታኙን ብንከተል ይሻላል።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ተረት ከመንገድ እናንሣ። ጥንት ተማሪው ነጭ ቀበቶ ይታጠቅ፣ ሳይታጠብም ከላብና ከአቧራ ብዛት ቀስ በቀስ ይጠቁር ነበር፤ ጥቁር ቀበቶ የመጣው ከዚያ ነው የሚሉ አሰልጣኞች ዛሬም አሉ። ታሪኩ ያምራል፣ ግን ማስረጃ የለውም። የቀበቶ ማዕረግ ጥንታዊም አይደለም። ከባቡርና ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ ፈጠራ ነው።

የቀድሞዎቹ የጃፓን የውጊያ ጥበብ ቤቶች ለሰይፉም፣ ለጦሩም፣ ለጁጁትሱውም የነበራቸው የፈቃድ ወረቀት ነበር። መምህሩ ተማሪውን ለዓመታት አይቶ በመጀመሪያ አነስተኛ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ቆይቶ የስልቶቹን ዝርዝር የያዘ ጥቅልል፤ በመጨረሻም የቤቱን ሙሉ ምስጢር እንደተረከበና ሌላውን ማስተማር እንደሚችል የሚመሰክር ፈቃድ። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ድጓ ያጠና ሰው ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያጠና ዙር አምባ ሄዶ ካላስመሰከረ ወንበር አይዘረጋም። በሁለቱም ዘንድ ምስክርነቱ ቦታ አለው፣ መምህር አለው፣ ከማን ከማን እንደተወረሰ የሚቆጠር ሐረግ አለው። ልብስ ላይ የሚታይ ምልክት ግን የለውም። ማን ምን እንደሚችል የሚያውቁት እዚያው ቤት ውስጥ ያሉት ናቸው፣ እነሱም ጥቂቶች ስለሆኑ ምልክት አያስፈልጋቸውም።

ካኖ ይህን የቀየረው ለብዙ ተማሪ ስላሰበ ነው። ኮዶካንን በ1882 ቶኪዮ ውስጥ፣ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ቅጥር ሲከፍት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ነበር፤ ተማሪዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግን ካኖ ከሁሉ በላይ የትምህርት ሰው ነው። ቆይቶ የቶኪዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ለረጅም ዓመታት መርቷል፤ ጁዶንም ያሰበው በየትምህርት ቤቱ ለሚገኘው ልጅ ሁሉ እንጂ ለጥቂት ምስጢር ጠባቂዎች አልነበረም። የአሮጌው ቤት ፈቃድ ሦስት አራት እርከን ብቻ ስላለው፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ ተማሪው ዓመታትን ያለ አንዳች ምልክት ያሳልፋል። ለትምህርት ቤት ይህ አይሆንም። ካኖ ዳን የሚለውን አቆጣጠር የወሰደው ከጎ ነው። ይህ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚጫወቱት የሰሌዳ ጨዋታ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሆንኢምቦ ዶሳኩ ጊዜ ተጫዋቾቹን በዘጠኝ ደረጃ መድቦ ነበር። በ1883 ካኖ የመጀመሪያውን ዳን ለሁለት ተማሪዎቹ፣ ለትሱኔጂሮ ቶሚታና ለሺሮ ሳይጎ ሰጠ። ጥቁሩ መታጠቂያ የመጣው ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ዳን ያላቸው ጥቁር ታጠቁ፣ ሌላው ሁሉ ነጭ። ዛሬ የምናውቀው ወፍራም የልምምድ ልብስ ከነቀበቶው ቅርጽ የያዘው ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። የመጀመሪያው፣ ካኖ ራሱ ዳን አልነበረውም፤ ሰጪ ነበርና ከመሰላሉ ውጭ ነው። ሁለተኛው፣ ማዕረጉ የተወሰደበት ጨዋታ ጎ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ በሰሌዳ ላይ በግልጽ የሚታይበት መሆኑ። የዶሳኩ ደረጃዎች ሥራ ነበራቸው፤ ዝቅ ያለው ተጫዋች ከፍ ካለው ጋር ሲገጥም ስንት ጠጠር ቅድሚያ እንደሚሰጠው የሚነግሩ ናቸው። ጁዶም በመጀመሪያ ዘመኑ ከዚህ ብዙም አልራቀም፤ በኮዶካን ተከታታይ ተጋጣሚዎችን እየጣለ የሄደ እዚያው ላይ ማዕረግ ያገኝ ነበር። ዳን ከግጥሚያ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር መዞር የጀመረው ወደ ካራቴ ሲሻገር ነው።

ካራቴ የኦኪናዋ ነው፣ ኦኪናዋ ደግሞ ለዋናው ጃፓን ሩቅና የተናቀ ደሴት ነበረች። ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ቶኪዮ መጥቶ ሲያሳይ ካኖ ወደ ኮዶካን ጋብዞት ነበር። ፉናኮሺ በዋናው አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ ምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ገባው፤ በደሴቱ ሰዎች ባገኙት ልብስ ይለማመዱ የነበረውን ጥበብ የጁዶ ዓይነት ነጭ ልብስ አለበሰው፣ የጁዶንም ቀበቶ አስታጠቀው። በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ለተማሪዎቹ ዳን ሲሰጥ ለእሱ ለራሱ ማንም የሰጠው ዳን አልነበረም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ማንኛውም ማዕረግ ሲጀመር የመጀመሪያው ሰጪ ከየትም ያላገኘውን ነው የሚሰጠው። ግን በካራቴ ሌላም ችግር ተጨመረ። በዚያን ጊዜ የፉናኮሺ ካራቴ ነጻ ፍልሚያ አልነበረውም፤ ተማሪው የሚመዘነው ካታ በሚባለው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ነበር። ስለዚህ ዳን በአንድ ትውልድ ውስጥ ከማን ማንን ጣለ ወደ ማን አሳምሮ አሳየ ዞረ። የሚፈርደውም ተጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት እጅ ገባበት። በ1895 ኪዮቶ ውስጥ የተቋቋመው ታላቁ የጃፓን የውጊያ ጥበብ ማኅበር ለየጥበቡ መምህራን ማዕረግ እየሰጠ ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር ለማስገባት ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ በ1946 አሜሪካኖች ሲዘጉት ካራቴ ያለ አሳዳሪ ቀረ። ያኔ የሆነውን መገመት አያስቸግርም፤ እያንዳንዱ መምህር ማኅበር አቋቋመ፣ እያንዳንዱ ማኅበር ዳን ሰጠ። በኦኪናዋ የነበሩት ሽማግሌዎች ነገሩን ሲያመነቱበት ቆይተው በ1950ዎቹ አጋማሽ እነሱም ገቡበት። የጎጁ ስልት መሥራች ቾጁን ሚያጊ በ1953 እስኪሞት ድረስ ለማንም ዳን አልሰጠም ይባላል። ተማሪዎቹ ግን እሱ ባለፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለ ከፍተኛ ዳን ሆኑ፤ ማን ሰጣቸው ለሚለው ጥያቄ የየቤቱ መልስ የተለያየ ነው።

ቀለማቱስ? ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው? እነዚህ የእስያ ሳይሆኑ የአውሮፓ ልጆች ናቸው። ጉንጂ ኮይዙሚ በ1918 ለንደን ውስጥ በመሠረተው ቡዶክዋይ በተባለ ክለብ በ1920ዎቹ አጋማሽ ባለ ቀለም ቀበቶ ሥራ ላይ ነበር። በስፋት ያዛመተው ግን በ1935 ፓሪስ የገባው ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ ነው። ካዋይሺ ፈረንሳዮቹን አጥንቷቸዋል። ጃፓናዊው ልጅ በትምህርት ቤቱ በየቀኑ እየወደቀና እየተነሣ አንድ ሁለት ዓመት ነጩን ታጥቆ ቢቆይ ቅር አይለውም፤ ከቢሮ ወጥቶ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ፣ ከኪሱም የሚከፍል የፓሪስ ጎልማሳ ግን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። ካዋይሺ ለእያንዳንዱ እርከን ቀለም ሰጠው፣ በየቀለሙ የሚጠናውንም ስልት በቁጥር ደለደለ። በ1939 ሞሪስ ኮትሮ የፈረንሳይ የመጀመሪያው ባለ ጥቁር ቀበቶ ሆነ። ፈረንሳይ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የጁዶ አገሮች አንዷ ናት፣ የቀለሙ ብልሃትም በዚህ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ።

ቀለም የሚነቀፍበት ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ለመከላከያው አንድ ቃል ልበል። ስልሳ ሰው በሚለማመድበት አዳራሽ አሰልጣኙ ማን ከማን እንደሚጋጠም በአንድ እይታ ማወቅ አለበት። ጁዶ ውስጥ ትልቁ አደጋ አወዳደቅ ያልተማረ ሰው መጣሉ ነው፤ ትከሻና አንገት የሚሰበረው ያኔ ነው። አረንጓዴው ቀበቶ ነጩን ሲያይ እጁን ያለሰልሳል፤ ነጩም አረንጓዴውን ሲያይ የሚያምነውን ሰው እንዳገኘ ያውቃል። ለዚህ ሥራ ቀለሙ እውነተኛ መሆኑ ያስፈልጋል፣ ውሸት ከሆነ ሰው ይጎዳልና።

ቴኳንዶ ላይ ስንደርስ የማዕረጉ ሰጪ ከመምህርና ከማኅበርም አልፎ ወደ መንግሥት ይጠጋል። ስሙ የወጣው በ1955 ነው፤ ዋናው ሰው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነበር። ቾይ በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን መሠረተ፤ ከሴኡል መንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1972 ወደ ካናዳ ሲሄድ ፌዴሬሽኑን ይዞት ሄደ። በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ ኩኪዎን ተከፈተ፣ በ1973 ደግሞ መግቢያው ላይ ያየነው የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የምንለው፣ ተቋቋመ። አንድ ስም፣ ሁለት ቤት፣ ሁለት የዳን መዝገብ። ቾይ በ2002 ፒዮንግያንግ ውስጥ ከሞተ በኋላ የእሱ ቤት ራሱ ከሦስት ባላነሰ ተከፍሏል፣ እያንዳንዱም እውነተኛው ወራሽ እኔ ነኝ ይላል።

ይህ ክፍፍል በአገራችንም ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀበሌው አዳራሽና በየወጣት ማዕከሉ ነጭ ዶቦክ ለብሰው የሚዘሉት ልጆች ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ናቸው፤ ግማሾቹ ግን የወርልድ፣ ግማሾቹ የቾይ ቤት የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ናቸው። የአንደኛው ሰልጣኝ ደረት መከላከያ ለብሶ በአብዛኛው በእግሩ ይፋለማል፤ ሌላው ፊት ላይ በጡጫ መምታት ተፈቅዶለታል። ቀበቶውም ቢሆን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በቀላሉ አይሻገርም። ወርልድ ቴኳንዶ በትልልቅ ውድድሮቹ የሚሳተፍ ሰው ኩኪዎን ወይም ራሱ ፌዴሬሽኑ የሰጠው የዳን ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ኦሎምፒክም የሚገባው በዚህ በር ነው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚሁ መንገድ ነው። በሌላኛው ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት የለፋ ጎበዝ፣ ችሎታው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ቀበቶው ያንን በር አይከፍትለትም። ልጁን ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለውን ነው።

ለነገሩ ቴኳንዶ ስንት ጊዜ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ መልስ አለው። የኩኪዎን ደንብ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዳን አንድ ዓመት፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሁለት ዓመት እያለ ይወጣል፤ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ዘጠኝ ዓመት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዳን አይሰጠውም፣ በምትኩ ፑም የሚባል ማዕረግ አለው፣ ቀበቶውም ቀይና ጥቁር ነው። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፣ ግን አዋቂ አይደለም፤ ቀለሙ ሁለቱንም ይናገራል። በየአገሩ የንግድ ቤት ሆነው የተከፈቱ ብዙ ክለቦች ይህን ጥንቃቄ ትተውታል።

ንግዱን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። እያንዳንዱ ቀበቶ ፈተና አለው፣ እያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለው፤ ቀበቶው ራሱ ይሸጣል፣ ምስክር ወረቀቱም እንዲሁ። ስድስት የነበረው እርከን ዐሥር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ ጭረት ቢጨመርበት፣ የሚጨምረው የክለቡ ገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ እስከ ጥቁር ቀበቶ ድረስ ያለውን በአንድ ውል እንዲከፍል የሚጠይቁ ክለቦች አሉ። አስቡት፤ ልጁ ገና እግሩን አላነሣም፣ ቀበቶው ግን ተሸጧል። ከዚያ ወዲያ ፈታኙ ልጁን የመጣል ነጻነት የለውም፤ ቢጥለው ውል አፈረሰ ነው የሚባለው። ክፍያ መኖሩ ብቻውን ግን አይከፋም፤ አሰልጣኝም ይበላል። የሚያሳስበኝ ፈታኙም አሰልጣኙም ገንዘብ ተቀባዩም አንድ ሰው ሲሆን ነው። የውጭ ፈታኝ የሚጋብዙ፣ በፈተና የወደቀ ሰልጣኝ በእርግጥ ያላቸው ክለቦች ከዚህ የተሻሉ ናቸው። ስለ አንድ ክለብ ማወቅ የምትፈልጉ ባለፈው ፈተና ስንት ሰው ወደቀ ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አልወደቀም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነኝ ብሎ የመጣው የብራዚል ጁጂትሱ ነው። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ የኮዶካን ሰው ወደ ብራዚል ተሻግሮ ለካርሎስ ግሬሲ አስተማረ፤ የግሬሲ ወንድማማቾች ጥበቡን በምድር ላይ ትግል፣ በማነቅና በመቆለፍ ዙሪያ አሳደጉት። ለአዋቂ አምስት ቀለም ብቻ አለው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡኒ፣ ጥቁር። የዓለም ፌዴሬሽኑ ደንብ ሰማያዊውን ከ16 ዓመት በታች ላለ አይሰጥም፤ በሰማያዊ ሁለት ዓመት፣ በወይን ጠጅ አንድ ዓመት ተኩል፣ በቡኒ አንድ ዓመት ቢያንስ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጥቁር ከ19 ዓመት በፊት የለም። በተግባር ግን ብዙው ሰው ጥቁሩን ለማግኘት ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቢ ጄ ፔን የተባለው የሃዋይ ልጅ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ አግኝቶ በ2000 ብራዚላዊ ያልሆነ የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ የዓለም ሻምፒዮን በመሆኑ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ይህ መነሣቱ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያሳያል።

የዚህ ስልት ብርታት የዕለት ልምምዱ ፈተና መሆኑ ነው። ሰልጣኞች በእያንዳንዱ ቀን ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው ይታገላሉ፤ የተሸነፈው መሬቱን ወይም ተጋጣሚውን በእጁ መታ መታ አድርጎ ይለቀቃል። ሐሰተኛ ወይን ጠጅ ቀበቶ ከሌላ ክለብ እንግዳ በመጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። የሰጠው መምህርም አብሮ ይታወቃል፤ ስለዚህ መምህሩ ሲሰጥ ይፈራል። በቀበቶ ጉዳይ ከፍርሃት የተሻለ ተቆጣጣሪ አላየሁም።

ግን መድኃኒቱም በሽታ አመጣ። ሰጪው ስለሚፈራ ያዘገያል፤ ተማሪውም ሜዳሊያ ስለሚፈልግ መዘግየቱን ይወዳል። ወይን ጠጅ የሚገባው ሰው በሰማያዊ ቆይቶ በውድድር ጀማሪዎችን እያነቀ ይሸለማል። ፌዴሬሽኑ የመቆያ ጊዜውን ዝቅተኛ ወሰን ቢደነግግም መምህሩን ስጥ ብሎ የሚያስገድድ የለም። ሌላም አለ፤ ከጥቁር በኋላ ያሉት ማዕረጎች በሙሉ በዓመት ቆጠራ የሚመጡ ናቸው። ባለ ጥቁር ቀበቶው እያስተማረ ቢቆይ ከ48 ዓመት በኋላ ዘጠነኛውን እርከን፣ ቀዩን ቀበቶ፣ ሊታጠቅ ይችላል። ዐሥረኛው ለመሥራቾቹ የግሬሲ ወንድማማቾች ብቻ የተተወ ነው። እንግዲህ በብራዚል ጁጂትሱ እስከ ጥቁር ድረስ የሚለካው ብቃት ነው፣ ከጥቁር ወዲያ ዕድሜና አገልግሎት። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፣ ሚዛኑ ግን በመካከል ተለውጧል። ቢያንስ በግልጽ ተለውጧል።

ቋሚ ማዕረግ የሌላቸው ስልቶችም አሉ፣ ከመኖሩም ያለመኖሩ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ወደ እነሱ ያመለክታሉ። ቦክሰኛ ወገቡ ላይ የሚያስረው ቀበቶ የሻምፒዮን ዋንጫ ነው፣ ሌላ ሰው ሲመታው ይወስድበታል። ሱሞ ማዕረግ አለው፣ ሆኖም በዓመት ስድስት ጊዜ በሚደረጉ ለ15 ቀን በሚዘልቁ ውድድሮች እየታየ ከፍና ዝቅ ይላል። አናት ላይ የወጣው ዮኮዙና ብቻ ዝቅ አይልም፤ ካቃተው ራሱን በክብር እንዲያሰናብት ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ ግን የሚሠራው ለሚወዳደር ሰው ነው። የአርባ አምስት ዓመት የባንክ ሠራተኛ፣ ጉልበቷ የሚያማት ነርስ፣ አካል ጉዳት ያለበት ወጣት በማሸነፍ ብቻ ቢመዘኑ ከመጀመሪያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ካኖ የፈለገው እነሱንም ነው። በዚህ ላይ ከካኖ ጋር ነኝ።

ቻይናውያን ለዘመናት ያለ ቀበቶ ኖረው በ1998 ለውጊያ ጥበባቸው ለውሹ ዘጠኝ እርከን ያለው የራሳቸውን መዋቅር አወጡ። የብራዚሉ ካፖኤይራ ባለ ቀለም ገመድም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፈጠራ ነው፤ በየቡድኑ ቅደም ተከተሉ ስለሚለያይ የአንዱ ሊቅ የታጠቀው ቀለም የሌላው ቡድን የመካከለኛ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

የማዕረጉ መሰላል አናት ላይ ያለው ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው። ከአምስተኛ ዳን በላይ ፈተናው እየሳሳ፣ ኮሚቴው እየወፈረ ይሄዳል። በጁዶ ስድስተኛ ዳን ሲደረስ ቀበቶው ቀይና ነጭ፣ ዘጠነኛ ሲደረስ ቀይ ይሆናል፤ ያንን የሚሰጠው ስብሰባ ነው። ኮዶካን በታሪኩ ሁሉ ዐሥረኛ ዳን የሰጠው ለ15 ሰዎች ብቻ ነው፣ ሁሉም ጃፓናዊ ወንዶች ናቸው። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጃፓኖችን በአገራቸው ያሸነፈው ሆላንዳዊ አንቶን ሄሲንክ በ1997 ከዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ዐሥረኛውን ሲያገኝ ኮዶካን ከራሱ ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ፉኩዳም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ ዐሥረኛ ዳን ነበሩ ወይስ አልነበሩም? መልሱ ሙሉ በሙሉ የማንን መዝገብ ትከፍታላችሁ የሚለው ነው። ቀበቶውም ራሱ ሴትን ይለይ ነበር፤ በጁዶ የሴቶች ጥቁር ቀበቶ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ነበረው፤ ከወንዶቹ የሚለየው እንጂ ስለ ችሎታ የሚናገረው አንዳች ነገር የለውም። ዓለም አቀፍ ውድድሮች ቀደም ብለው ሲተዉት በጃፓን እስከ 2017 ቆይቷል። ቀበቶ የታጠቀውን ሰው ብቃት ብቻ የሚናገር ቢሆን ኖሮ ያ መስመር አንድም ቀን አይሰፋም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ቤት የተለየ ነገር አድርጓል። ኬንዶ፣ የቀርከሃ ሰይፉ ጥበብ፣ ዳን አለው፣ የቀለም ቀበቶ ግን የለውም፤ አንደኛ ዳን ያለውና ስምንተኛ ዳን ያለው ሰው ከልብሳቸው አይለዩም። ስምንተኛው ዳን የሚገኘው ደግሞ በስብሰባ አይደለም። ተፈታኙ ቢያንስ 46 ዓመት ሊሆነው፣ በሰባተኛው ላይ ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይገባል፤ ከዚያ በዳኞች ፊት ከእኩዮቹ ጋር ይፋለማል። የሚያልፈው ከመቶ አንድ ያህል ነው፤ በየዓመቱ እየመጡ እስከ እርጅና የሚወድቁ አሉ፣ መውደቃቸውን ማንም አያፍርበትም። ከስምንተኛ በላይ ቀድሞ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ነበሩ፤ እነዚያ ያለ ፈተና የሚሰጡ የክብር ማዕረጎች ነበሩ። የጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን በ2000 ሁለቱንም አስቀረ። አናቱን በገዛ እጁ የቆረጠ ሌላ ትልቅ ተቋም አላውቅም። ጁዶም፣ ካራቴም፣ ቴኳንዶም አልተከተሉትም፤ የሚከተሉትም አይመስለኝም፤ ዘጠነኛ ዳን ከሌለ ያገለገለውን ሽማግሌ በምን ያመሰግኑታል፣ ፕሬዚዳንቶችንስ ምን ይዘው ይጎበኛሉ?